እግር ብረት ካቴና አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ነው። «ሻክል» እና «ማናክል» ስለሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይናገራል። ሁለቱም ሰው የሚታሰርባቸው ብረቶች ስም ናቸው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፤ መዝገበ ቃላቱ ራሱ አንዱን በሌላው ይፈታዋል። ሁለተኛ፣ የግድ ልዩነት ይፈለግ ከተባለ «ማናክል» ከ«ማን» የመጣ ስለሆነ ለሰው ነው፤ «ሻክል» ለእንስሳና ለዕቃ ነው። ሦስተኛ፣ አማርኛ ለዚህ ሁሉ ያለው ቃል «ካቴና» ብቻ ነው። አራተኛ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ሁሉንም «ሻክል» ብለው ይጠሩታል። አምስተኛ፣ የታሰረ ሰው ያው ታስሯል፤ በምን ታሰረ እያሉ መከራከር ፀጉር መሰንጠቅ ነው። ከታች ደግሞ ለአስተርጓሚዎች ይጠቅማል ያሉትን የቃላት ዝርዝር አያይዘዋል።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ጠበቃ ቢሮ፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ አማርኛ ተናጋሪ ባለበት ሁሉ እጠራለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኔ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከአምስቱ አንዱን ግማሹን እቀበላለሁ። የቀሩትን አልቀበልም። አምስተኛውን ሳነብማ በጣም ነው የከፋኝ። ለምን እንደሆነ እዚያው ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከመዝገበ ቃላቱ ልጀምር። አዎ፣ አንዱን በሌላው ይፈታዋል። ግን መዝገበ ቃላት እንዲህ ሲያደርግ ይቀራረባሉ ማለቱ ነው፤ እኩል ናቸው አላለም። ማናክል በመሠረቱ የእጅ ነው። የሚገባው የእጅ አንጓ ላይ ነው። ሻክል ሰፋ ይላል። የእጅም፣ የእግርም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ዛሬ ግን ሰው «ሻክል» ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው የቁርጭምጭሚት ብረት ነው።

ስለዚህ ማናክል ለሻክል፣ በሬ ለከብት እንደማለት ነው። በሬውን ከብት ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ከብቱን ሁሉ በሬ ካላችሁ ግን ላሚቱን የት ልታደርጓት ነው? ማናክልን ሻክል ማለት ያስኬዳል። ሻክልን ሁሉ ማናክል ማለት አያስኬድም። ጸሐፊው ይህን መንገድ ወዲያና ወዲህ የሚያስኬድ አድርገው አዩት። መንገዱ ግን የአንድ አቅጣጫ ነው።

ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ጽሑፉ አላነሳውም። «ፌተር» ይባላል። ይህኛው የእግር ብቻ ነው። አሁን ግን ከእስር ቤት ወጥቶ ወደ ሕግና ወደ ፖለቲካ ቋንቋ ገብቷል። ገደብ የሌለው ሥልጣን «አንፌተርድ» ይባላል፤ እግር ብረት ያልገባበት እንደማለት። ብረቱን በእጁ የሚይዘው ፖሊስ ግን «ፌተር» አይልም፣ «ማናክል»ም አይልም። የእጁን «ሃንድከፍ» ይላል፤ ቸኩሎ ከሆነ «ከፍስ»። የእግሩን «ሌግ አይረንስ»፣ በወገብ የሚዞረውን «ቤሊ ቼይን» ይላል። ሥራው ነውና ለይቶ ይጠራቸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ የቃል አመጣጥ ነው። «ማናክል» እና «ማን» ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ዘመዳሞች ተደረጉ። አይደሉም። የማናክል ሥር «ማኑስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ እጅ። አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሳሎን ገብታ «ማኒኪውር» ያሠራች ሴት ይህንን ሥር ታውቀዋለች፤ የእጅ ጥፍር እንክብካቤ ነው። በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያለውን መኪና «ማንዋል» የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማናክል የተባለው ቃል ራሱ ሲፈታ «ትንሿ እጅ» ነው። ጣልያኖች የእጅ ብረትን «ማኔቴ»፣ ፈረንሳዮች «ሜኖት» ይሉታል። ሁሉም ትንንሽ እጆች ናቸው። ፌተር ደግሞ በእንግሊዝኛ እግር ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው።

እንዲህ ያለ የድምፅ ወጥመድ እኛም ጋ አለ። «እግረ ሙቅ» የሚል የቆየ ቃል አለን። አንድ ወጣት ሥራ ባልደረባዬ እግር የሚያሞቅ ነገር፣ ካልሲ ቢጤ መስሎት ነበር። «ሙቅ» ያለው ግን ከሙቀት አይደለም። ግዕዙ «ሞቅሕ» ይላል፤ ማሰሪያ ማለት ነው። «ሙቁሕ» እስረኛ ነው። እግረ ሙቅ እንግዲህ የእግር ማሰሪያ ነው። ድምፅ ብቻ ሰምቶ ዘር መቁጠር እዚህም እዚያም ያሳስታል።

ሻክል ለዕቃ ነው የተባለውስ? ለዕቃም ይሆናል። ግን ከሰው ተነጥሎ አይደለም። በራችሁ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ካለ አሁን ሄዳችሁ እዩት። ከላይ እንደ ቅስት የታጠፈ ብረት አለው። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሃርደንድ» የሚል ተቀርጿል፤ የጠነከረ ብረት ነው ለማለት። ያ ቅስት በእንግሊዝኛ ስሙ ሻክል ነው። ክሬን ላይ ሸክም ከሰንሰለት ጋር የሚያያይዘው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈና በአፉ በኩል ፒን የሚገባበት ብረትም ሻክል ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራን ጫፉ ላይ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውም እንዲሁ። መርከበኞች የመልሕቅ ሰንሰለትን ርዝመት ሳይቀር በሻክል ይለካሉ፤ አንዱ 27 ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ቅርፁን ልብ በሉ። የታጠፈ ብረት፣ በአፉ የሚያልፍ ፒን ወይም ዘንግ። ይኸው ቅርፅ በሰው እግር ላይም ነበር። በ1700 እ.ኤ.አ. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፍሎሪዳ ጫፍ፣ ከኪ ዌስት ወጣ ብሎ የሰጠመ «ሄንሪየታ ማሪ» የሚባል የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ መርከብ አለ። ፍርስራሹ የተገኘው በ1972 ነው። ከውስጡ ከ80 ጥንድ በላይ የእግርና የእጅ ብረት ወጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለት የታጠፉ ብረቶች በአንድ ዘንግ ላይ ይሰካሉ። ዘንጉ ሁለት ሰዎችን አጣምሮ ይይዛል። እነዚህን ታሪክ ጸሐፊዎቹ «ሻክል» ብለው ነው የሚጠሯቸው። «ሻክል ለእንስሳና ለዕቃ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይህን እያሰብኩ ሳነበው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። «አማርኛ ያለው ቃል ካቴና ብቻ ነው።» እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በዚህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ሀብት ተጥሏል።

መጀመሪያ ካቴና ራሱ። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በጣልያንኛ ትርጉሙ ሰንሰለት ነው። ጣልያኖቹ የእጅ ብረትን ማኔቴ እንደሚሉት ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ቃሉ እኛ ጋ ሲደርስ ጠበበና ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀው፣ ቁልፍ ያለው ብረት ስም ሆነ። ዛሬ «ካቴና አጠለቁለት» ሲባል ማንም ሰው እግር አያይም፤ እጅ ነው የሚያየው። ቃሉ በሰው አፍ ውስጥ ቦታውን ይዟል። ጥሩ ቃል ነው። ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

የእግሩስ? «እግር ብረት» አለን። እንግሊዝኛው «ሌግ አይረንስ» ከሚለው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ እኛ ግን ከማንም አልተበደርነውም። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ በመቃብር ቦታ የሚኖረውን ሰው አስታውሱ። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በእግር ብረትና በሰንሰለት ይታሰር እንደነበር ይናገራል። ሰንሰለቱን ይበጥሳል፣ እግር ብረቱን ይሰባብራል። ሁለት ብረት፣ ሁለት ግሥ። ግሪኩም ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንደኛው የእግር ነው። የቆየው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ «ፌተርስ» ይላል፤ ከአዲሶቹ ትርጉሞች አንዳንዱ «ሻክልስ» ይላል፤ ሌላው «እጅና እግሩ» ብሎ ያልፈዋል። ያ የመጨረሻው ሰንሰለቱን የእጅ አድርጎ ወስዶታል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ በወታደሮች መካከል ታስሮ ሳለ ሰንሰለቶቹ የወደቁት ከእጆቹ ነው። የአማርኛው ተርጓሚዎች ይህን ሁሉ ለይተው አስቀምጠውልናል። እኛ ነን አንድ ላይ የምንጨፈልቀው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም አለ። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ ሲታሰሩ እግራቸው የተያዘው በግንድ ነው። ግንድ እንጨት ነው፤ እግር የሚገባበት ቀዳዳ አለው። እንግሊዝኛው «ስቶክስ» ይለዋል። ይህም ካቴና ይባል?

«የፊጥኝ» የሚለውን ቃል እንመልከት። የፊጥኝ ታሰረ ስንል ሁለት እጁ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ደረቱ ወደፊት ተወጥሮ ማለታችን ነው። በአንዲት ቃል የሰውየው አቋም ፊታችን ድቅን ይላል። እንግሊዝኛ «ፒኒየን» የሚል ግሥ አለው፤ ወፍ እንዳይበርር የክንፉን ጫፍ ከመቁረጥ የመጣ ነው። እሱ ይቀርበዋል። «ሃንድከፍድ ቢሃይንድ ሂዝ ባክ»፣ እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ፣ ብሎ የፊጥኝን የሚተረጉም ሰው ግን ገመዱን ብረት አድርጎታል፤ የክንዱንም መጠምዘዝ ጥሎታል።

ከሁሉም የምወደው ቃል ቁራኛ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። አብረው ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ። አብረው ያድራሉ። ሰንሰለት በሌለበት የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን ፎቶ አንስተውታል፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ሰንሰለት። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም። እኛ ደግሞ ልማዱ ቀርቶ ቃሉን አላጣነውም። አልጋ ላይ የዋለውን በሽተኛ «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ከአልጋው ጋር ሰንሰለት ያያዘው ይመስል። አንድን ሰው ሳንለቅ ስንጠብቀው «በዓይነ ቁራኛ» እንላለን። በየቀኑ የምንናገረው አማርኛ ውስጥ ሰንሰለቱ እስካሁን አለ።

መቅደላንም ላንሳ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በ1864 በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ታሰረ። ሊያስፈታው የተላከው ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ በ1866 እነሱም ታሰሩ። በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦር መጥቶ የተፈቱት በ1868 ነው። የነበረባቸው ብረት ቁልፍ አልነበረውም። ቀለበቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይገጠማል። ሲፈታም እንደዚያው በጉልበት ተፈልቅቆ ነው። የዛሬው የፖሊስ ካቴና በቁልፍ በቅጽበት ይከፈታል፤ ጥርስ ያለው ክንፉ ተሽከርክሮ በራሱ የሚገባበት ሥሪት የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው በ1912 ነው። በመዶሻ የተገጠመን ብረት በዚያው ስም የሚጠራ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል። ካሜሮን «በካቴና ታስሮ ነበር» ቢባል አንባቢው ለጥቂት ሰዓት እጁን የያዙት ይመስለዋል። ሰውየው አራት ዓመት ነው የታሰረው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው፤ አልክድም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቋንቋ ውስጥ «ሻክል» በጣም ሰፍቷል። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ዴክ የተባለ ተከሳሽ ከሚዙሪ ግዛት ጋር የተከራከረበት መዝገብ አለ። ጥያቄው ጥፋተኛ የተባለ ሰው በሞት ይቀጣ ወይስ በዕድሜ ልክ በሚባልበት ችሎት፣ ዳኝነት የተቀመጡት ተራ ሰዎች እያዩት ታስሮ ሊቀርብ ይችላል ወይ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ለዚያ ጉዳይ የተለየ በቂ ምክንያት ካልቀረበ አይቻልም አለ። በውሳኔው ውስጥ እግሩም፣ እጁም፣ ወገቡም ላይ የነበረው ሁሉ በጥቅሉ «ሻክልስ» ይባላል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ውሳኔውን ወደ ውስጥ ገብታችሁ አንብቡት። ፍሬ ነገሩ ሲተረክ የእግር ብረት፣ የእጅ ካቴና፣ የወገብ ሰንሰለት ተብሎ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ከዚያ በፊት በነበረው የመጀመሪያ ችሎት ደግሞ ሰውየው ከልብስ ስር እግሩ ላይ የተደረገ መያዣ ነበረው፤ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች አላዩትም። የሚታየውና የማይታየው፣ እግሩና እጁ ተለይቶ ካልተነገረ መዝገቡ መዝገብ አይሆንም። ውሳኔው የጠቀሰው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሊቅ ብላክስቶንም ተከሳሽ ያለ «አይረንስ» (ብረቶች)፣ ያለ «ሻክልስ»፣ ያለ «ቦንድስ» (ማሰሪያዎች) ይቅረብ ብሎ ሦስቱን ለየብቻ ነው የዘረዘረው። ስለዚህ ጥቅል ስሙ ሲሰፋ ዝርዝሩ አልጠፋም። አስተርጓሚ ዘንድ ሲመጣ ደግሞ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ጋ ደረስኩ። «የታሰረ ሰው ያው ታስሯል።»

ይህች «ታሰረ» የምትባል ቃል ስንት ጊዜ እንዳስቸገረችኝ! በአማርኛ ገመድ እናስራለን፣ በግ እናስራለን፣ ሰውም እናስራለን። «ታስሬ ነበር» ያለ ሰው እስር ቤት ገብቼ ነበር ማለቱ ይሆናል። እጅ እግሬን በገመድ ጠፍረውኝ ነበር ማለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በሁለት ቃል ይለያል። እኛ የምንለየው ቀጥሎ በሚመጣው ነው፤ በምን፣ የት፣ ምኑን። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ፀጉር ስንጠቃ ብለን ከጣልናቸው ታሪኩ ግማሹ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ ጠበቃ ቢሮ ተጠራሁ። ጥገኝነት የጠየቁ አንድ አዛውንት አሉ። ማንነታቸውን እንዳይገልጥ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ጠበቃዋ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣለች። አንዱ ሌላ ሰው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የጽሑፍ ቃላቸው ነው። ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው የተያዘ ማስታወሻ ነው። በመጀመሪያው ላይ ለሰባት ወር «ሃንድከፍድ» ነበሩ ይላል። በሁለተኛው ላይ ራሳቸው ልብሳቸውን ያጥቡ፣ ለሌላ እስረኛ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር ይላል። እጁ የታሰረ ሰው እንዴት ልብስ ያጥባል? የጠበቃዋ ጣት ያቺ ቃል ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የታሰሩት እጅዎን ነው እግርዎን?» አልኳቸው።

«እጄንማ ቢሆን በምን እበላ ነበር ልጄ? እግሬን ነው እንጂ።»

ጎንበስ አሉ። የግራ እግራቸውን ሱሪ ሰበሰቡ፤ ካልሲውን ዝቅ አደረጉ። ቁርጭምጭሚታቸውን ዙሪያውን የከበበ፣ ከሌላው ቆዳ ጠቆር ያለና የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ፀጉር አልበቀለበትም። ጠበቃዋ ምንም አልተናገረችም። ተነስታ በር ዘጋች።

የመጀመሪያውን አማርኛ ፈልገን አየነው። በእጃቸው የጻፉት «በእግር ብረት» የሚል ነው። ተርጓሚው አይቶታል። ካቴናም እግር ብረትም ያው ነው ብሎ አለፈው። እና ይህ ሰው ውሸታም ሊባል ነበር። በአሜሪካ ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው «ሪል አይዲ» የተባለው ሕግ ዳኛው የአመልካቹን ተዓማኒነት ሲመዝን ማንኛውንም የቃል መጋጨት እንዲያይ ይፈቅድለታል፤ መጋጨቱ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ላይ ባይሆንም። እጅና እግር መጋጨቱ በቂ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ፀጉር ያሏት ያቺ ልዩነት ለእኒያ ሰው የመቅረትና የመባረር ጉዳይ ነበረች።

በሕግ ትርጉምም እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ አለ፤ የማንዴላ ደንቦች ይባላል። ደንብ 47 የሚያዋርዱ ወይም የሚያሰቃዩ የሆኑ ሰንሰለቶችን፣ «አይረንስ» የሚላቸውን ብረቶችና የመሳሰሉትን ፈጽሞ ይከለክላል። ሌሎች መያዣዎችን ግን አይከለክልም፤ ሕግ ሲፈቅድና በሁኔታ ብቻ ይላል። ለምሳሌ እስረኛ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር እንዳያመልጥ ማሰር ይቻላል፤ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ይፈታል። ቀጥሎ ያለው ደንብ በምጥ ላይ ባለች፣ በምትወልድና ገና በወለደች ሴት ላይ ምንም መያዣ አይደረግ ይላል። ከዚህ በፊት የነበረው የ1955ቱ ደንብ ከዚህም ይልቅ ይለያል። ካቴና፣ ሰንሰለት፣ እግር ብረት፣ ሁሉም ለቅጣት አይዋሉ አለ። ከዚያ በተጨማሪ ሰንሰለትና «አይረንስ»፣ ማለትም እግር ብረትን የመሰሉ ብረቶች፣ ለመያዣነትም ጭራሽ አይዋሉ አለ። ካቴና በሁኔታ ተፈቀደ፤ እግር ብረት በምንም ሁኔታ አልተፈቀደም።

ሁለቱንም «ካቴና» ብላችሁ ተርጉሙትና አንብቡት። ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የፈቀደውን በሚቀጥለው ይከለክላል። ወይ አንባቢው ደንቡ የተምታታ ነው ይላል፣ ወይ ደግሞ እግር ብረት የሚጠቀም የእስር ቤት ኃላፊ «ካቴና እኮ ተፈቅዷል» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ አይደለም። እነዚህን ደንቦች አማርኛ የሚያደርጋቸው እንደኛ ያለ ሰው ነው፤ ከላይ የሚያርመው የለም።

ጸሐፊው ያያያዙት ዝርዝር በአስተርጓሚዎች እጅ እየገባ ነው። ስለዚህ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ያን ዝርዝር ያርሙት። «ሃንድከፍስ» ካቴና ይባል። «ማናክልስ» የእጅ ብረት ይባል፤ በአሮጌ ጽሑፍ ከመጣ የእጅ ሰንሰለትም ያስኬዳል። «ፌተርስ» እና «ሌግ አይረንስ» እግር ብረት ይባሉ። «ቤሊ ቼይን» የወገብ ሰንሰለት ነው። «ስቶክስ» ግንድ ነው። «ሻክልስ» ሲመጣ ደግሞ ተርጓሚው ቆም ብሎ የእጅ ነው የእግር ብሎ ይጠይቅ። ጽሑፉ ካልነገረው ብረት ብሎ ይተወው። ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው «ሌግ አይረንስ፦ ካቴና» የሚለው ግን ዛሬውኑ ይሰረዝ።